ካሜራው አልተበላሸም

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም.፣ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ቶሮንቶ ከተማ ብሮድቪው የባቡር ጣቢያ ቆሜ የፍሌሚንግደን ፓርክን አውቶቡስ ስጠብቅ ከጋሼ ተክለ ማርያም ጋር ተገናኘን። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው ቆመዋል። እኚህ ሰው በቶሮንቶ ሐበሾች ዘንድ በሽማግሌነታቸው የታወቁ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሁለት ሸሪኮች መስማማት ሲያቅታቸው፣ አባት ልጁን ከቤት ሲያባርር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ምፅዋ ላይ በባሕር ኃይል ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል፤ እዚህ አገር ከመጡ በኋላም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኤርፖርት አጠገብ ባለ መጋዘን ሠርተዋል።

«በየነ! እግዜር ነው ያመጣህ» አሉኝ። «ለሽምግልና እየሄድኩ ነው። አብሮኝ ሊሄድ የነበረውን ዘውዴን ጉንፋን ጣለው። ብቻዬን ደግሞ አያምርም፤ ና ተከተለኝ።»

«ማንና ማን ተጣልተው ነው፣ ጋሼ?»

«ኢንጂነር ፍቅሩና የብርሃነሽ ልጅ መቅደስ።»

ደነገጥሁ። ኢንጂነር ፍቅሩን የማያውቅ የለም። የነዳጅ ኩባንያዎች ባሕር ከመቆፈራቸው በፊት የባሕሩን ወለል የሚያጠና የአንድ አማካሪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው፤ በየበዓሉ ከፊት ወንበር የሚቀመጥ፣ ለአዲስ መጤ ሥራ የሚያፈላልግ ሰው ነው። መቅደስን ደግሞ እኔ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት እየመጣች የቤት ሥራዋን ስትሠራ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ሃሊፋክስ ሄዳ የባሕር ሳይንስ ተምራ ስትመለስ ፍቅሩ ዘንድ ተቀጠረች ሲባል እኔም እንደ ዘመድ ደስ ብሎኝ ነበር።

አውቶቡሱ በመንገዱ ያለውን ሸለቆ ሲሻገር ጋሼ ተክለ ማርያም ነገሩን አጫወቱኝ።

«አንድ ሪፖርት አለ። ሰኞ ጠዋት የባሕር ቁፋሮ ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት መግባት አለበት። ትንሽ የጽሕፈት ስሕተት ነበረበት አሉ፤ ፍቅሩ አረመው። ልጅቷ ታዲያ ‹ሥራዬን ነካብኝ› ብላ አኮረፈች፤ አልፈርም አለች። ሥራ ያስገባት እሱ! ሥራውን ያስተማራት እሱ! ይህ ነውር አይደለም?»

እኔም ነውር መሰለኝ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ያን ጊዜ በልቤ የፈረድሁት በልጅቷ ላይ ነበር። ሁለት ወገን ሳይሰማ የፈረደ ሰው ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሳሳት የተማርሁት በዚያው ቀን ነው።

ወይዘሮ ብርሃነሽ በሩን ከፈቱልን። አሥራ ሰባት ዓመት ሆቴል ሲያጸዱ ጉልበታቸው ስላለቀ ግድግዳ እየያዙ ነው የሚራመዱት። ቤቱ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነው። መቅደስ ከተቀመጠችበት ተነሥታ እጅ ነሣችን፤ ዐይኖቿ እንቅልፍ እንዳጡ ያስታውቁ ነበር። ሻይ ቀረበልን። ጋሼ ተክለ ማርያም አልጠጡም፤ የሽምግልና ነገር ሳያልቅ አፋቸው ላይ ምንም አያደርጉም።

«ልጄ መቅደስ» ብለው ጀመሩ፣ «እኛ የመጣነው ልንወቅስሽ አይደለም። ኢንጂነር ፍቅሩ ታላቅሽ ነው። ታላቅ ቢያጠፋ እንኳ ታናሽ ዝቅ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ነገ ቤቱ እንሄዳለን፤ ጉልበቱን ትስሚያለሽ፣ ሪፖርቱን ትፈርሚያለሽ፣ ነገሩ ያልቃል።»

«ጋሼ፣ ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ» አለች መቅደስ። «ጉልበት መሳም ከሆነ የሱንም የእርስዎንም እስማለሁ። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ምን ፈርሚ ተብዬ እምቢ እንዳልኩ ነግሮዎታል?»

«የጽሕፈት ስሕተት የታረመበት ወረቀት።»

ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። «የጽሕፈት ስሕተት! እንደሱ አለ?» ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አስጠጋች። «ጋሼ፣ ባለፈው ነሐሴ ከኒውፋውንድላንድ በስተ ምሥራቅ በመርከብ ለአምስት ሳምንት ወጣን። ኩባንያው ጉድጓድ ሊቆፍርበት ባሰበው ቦታ ላይ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት፣ በካሜራ የባሕሩን ወለል አየን። ካሜራ ያወረድንበት ዐሥር ጣቢያ ነበር። ስምንቱ ጭቃ ነው። ሰባተኛውና ስምንተኛው ጣቢያ ላይ ግን ያየነው ሌላ ነው። አሁን ፈርሚ የምባለው ‹በሁለቱ ጣቢያዎች ካሜራው ስለተበላሸ ምንም አልታየም› በሚለው ላይ ነው።»

«ካሜራ ይበላሻል እኮ።»

«አልተበላሸም፣ ጋሼ።»

ጋሼ ተክለ ማርያም በመቀመጫቸው ተመቻችተው ሳቅ አሉ። «እሺ፣ አልተበላሸም እንበል። የታየውስ ምንድን ነው? ዓሣ? ባሕር እኮ ማለቂያ የለውም። እኔ ባሕር ላይ ኖሬያለሁ፤ ዘይቱም ቆሻሻውም ይገባል፣ ማዕበሉ ያጥበዋል። ደግሞስ እኛ አሁን ባሕር የሌለን ሰዎች ነን፤ የካናዳ ባሕር የኛ ጣጣ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

መቅደስ ኮምፒውተሯን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሁላችንም ጎንበስ አልን። በጥቁር ውኃ ውስጥ፣ የካሜራው መብራት በደረሰበት ሁሉ፣ ቅርንጫፋቸው እንደ ጽድ ዛፍ የተዘረጋ ኮራል የሚባሉ ሮዝና ነጭ የባሕር ፍጥረታት ቆመዋል። በመካከላቸው እንስራ የሚያካክሉ ሰፍነጎች አሉ፤ ከሰፍነጎቹ ሥር ትናንሽ ቀይ ዓሦች ተሸጉጠዋል።

«ይህች አንዷ ኮራል» አለች በጣቷ እያመለከተች፣ «በዓመት የምታድገው ከጥፍር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። እዚህ ለመድረስ ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቶባታል። ከጉድጓዱ የሚወጣው የድንጋይ ፍርስራሽና መሰርሰሪያውን ለማቀዝቀዝ የሚለቀቀው የቁፋሮ ጭቃ ቢወርድባት ታፍና ትሞታለች። ዓሦቹ የሚራቡት እዚህ ነው። በባሕሩ ዳር ያሉ ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩት በእነዚህ ዓሦች ነው። ማዕበል ያጥበዋል ያሉት፣ ጋሼ፣ ላይ ላዩን ነው፤ አንድ ሺህ ሜትር ታች ማዕበል የለም። የወደቀው እንደወደቀ ይቀራል።»

«መቅደስዬ» አሉ ወይዘሮ ብርሃነሽ ሳሎን ውስጥ ካለው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ሆነው፣ «እግዜር የፈጠረው ነገር ደስ ይላል። ግን እኔና አንቺ በምን እንኑር? እኔ ጉልበት የለኝም። ላንቺ ድንጋይ ላይ የበቀለ ነገር ከናትሽ ይበልጣል?»

ይህ ንግግር ልጅቷን ከሁሉ ይልቅ ጎዳት። ጣቷን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታ ወደ እናቷ ዞረች። ጋሼ ተክለ ማርያም ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ተነቃቁ።

«እናትሽ ትክክል ናት። እኛ እዚህ የመጣነው ነዳጅ በሚያቃጥል አውቶቡስ ነው። ይህ ቤት የሚሞቀው በጋዝ ነው። ታዲያ ነዳጅ አይውጣ ልትዪ ነው? አገራችንም ነገ ጋዟን ልታወጣ ነው፤ እሱንም ልትከለክዪ ነው?»

«ኧረ በፍጹም!» አለች መቅደስ፤ ድምፅዋ አሁን ከፍ አለ። «አትቆፍሩ አላልኩም። አውቃችሁ ቆፍሩ ነው ያልኩት። እኔ ምን እንደጠየቅሁ ነግሮዎታል? ጉድጓዱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይዛወር አልኩ፤ ነዳጁ ጋ ከዚያም ሆኖ መሰርሰሪያውን አዘንብሎ መድረስ ይቻላል። በዘይት የተበጠበጠው የቁፋሮ ጭቃ ይቅርና በተቻለ መጠን በውኃ የሚበጠበጠው ይሁን፤ ዘይት የነካው ፍርስራሽ ባሕር ውስጥ ከሚደፋ በመርከብ ወደ የብስ ይመለስ አልኩ። ዓሣ ነባሪዎች በሚያልፉበት ወር ወለሉን በድምፅ ሞገድ የሚፈትሸው ጥናት ይቁም አልኩ። ይህ ሁሉ ሌላ ቦታ የሚሠራ ነው፤ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። የሰጡኝ መልስ ምን እንደሆነ ልንገርዎት? ‹ቆንጆ ሐሳብ ነው፣ ግን ድጋሚ ጥናት ከተጀመረ የዘንድሮው የቁፋሮ ወቅት ያልፈናል።› ወቅት እንዳያልፋቸው ብዙ መቶ ዓመት የኖረውን በአንድ ሳምንት ሊቀብሩት! እኔን ደግሞ አላየሁም ብለሽ ፈርሚ!»

ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ ጋሼ ተክለ ማርያም አልተበገሩም ነበር። እንዲያውም በልጅቷ ድምፅ መክረር ቅር ብሏቸው ቆባቸውን ከጉልበታቸው አነሡ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ከንክኖኝ ነበርና፣ «ስምንተኛው ጣቢያ ላይስ ያያችሁት ያው ኮራል ነው?» አልኋት።

«እሱ ነው ዋናው፣ ጋሼ በየነ» አለች፤ ሌላ ፊልም ከፈተች።

መጀመሪያ ጭቃ ብቻ ታየ። ቀጥሎ በጭቃው ላይ እንደ ድስት የጎደጎደ ነገር መጣ፤ ከጎድጓዳው መካከል ትናንሽ አረፋዎች ተከታትለው ወደ ላይ ይወጣሉ።

«ጋዝ ነው» አለች። «ከወለሉ ሥር ቅርብ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ጋሼ፣ ጉድጓዱ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው ክፍል እስኪቆፈር ድረስ፣ ጉድጓዱን አፍኖ የሚዘጋው ትልቁ ቫልቭ ገና አይገጠምም። በዚያ መሐል መሰርሰሪያው እንዲህ ያለ ጋዝ ቢነካ ወደ ላይ ይፈነዳል። ከላይ፣ የቁፋሮው መድረክ ላይ፣ ደግሞ ከመቶ በላይ ሠራተኛ ይኖራል። አምና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አንድ የቁፋሮ መድረክ ሲፈነዳ አሥራ አንድ ሰው ሞቷል፤ ባሕር ውስጥ ይፈስ የነበረው ነዳጅ ሦስት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው የቆመው። የዚያ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እዚህም ያው ይሆናል አልልም። ግን እነዚያ ሠራተኞች ከእግራቸው በታች ያለውን ነገር በዐይናቸው አያዩትም። የሚያምኑት እኔ የፈረምኩትን ወረቀት ነው።»

ጋሼ ተክለ ማርያም ቆባቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«መርከቡ ላይ የዚያን ቀን መዝገብ የያዘው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ፤ ድምፃቸው የሽማግሌ ድምፅ አልነበረም።

«እኔ ነኝ።»

«አምጪው።»

የመርከቡን መዝገብ ግልባጭ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። በየሰዓቱ የተጻፈውን ጥልቀት፣ ነፋስ፣ ካሜራው የወረደበትንና የወጣበትን ደቂቃ፣ ከሥሩም የመርከቡን መኮንን ፊርማ መስመር በመስመር አነበቡ። ጣታቸው ከወረቀቱ ላይ ሳይነሣ ብዙ ቆዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፣ እስከዚያ ቀን ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ተናገሩ።

«እኔም ምፅዋ የመርከብ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። አንድ ቀን ጀልባችን ከዳህላክ ወዲህ ከውኃ በታች ካለ ድንጋይ ጋር ተፋተገች። አዛዡ ተጠያቂ እንዳይሆን ‹ጥልቀቱን አርመው፣ ምንም እንዳልነካን ጻፍ› አለኝ። ታላቄ ነው፤ ሥራም ያስተማረኝ እሱ ነው። ጻፍኩ። ድንጋዩ ሳይመዘገብ ቀረ። በስድስተኛው ወር ሌላ ጀልባ በጨለማ እዚያው ላይ ወጣች። ዘርይሁን የሚባል ባልንጀራዬ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቀው፣ ‹ካርታው ላይ እኮ የለም› ይለኛል። ካርታው ላይ እንዳይሰፍር ያደረግሁት እኔ እንደሆንኩ ሳይነገረው ሞተ።»

ወይዘሮ ብርሃነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። መቅደስ አቀርቅራ ነበር። ጋሼ ተክለ ማርያም ግን አላለቀሱም፤ ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ የወጣው ቁጣ ነበር።

«የጽሕፈት ስሕተት አለኝ! በኔ ሽበት፣ ሰው በሚያከብረው በዚህ ሽበት፣ ሊሸፍንበት! በሽምግልና ስም አንዲት ልጅ እንድትዋሽ እንዳግባባ ነው የላከኝ!»

«አትፈርሚ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ብርሃነሽ ባልተጠበቀ ሁኔታ። «ያ እግሩን ያጣው ሰው እናት ነበረችው። በምንም እንኖራለን፤ አትፈርሚ።»

ፍቅሩ ውጤቱን ለመስማት እዚያው ዶን ሚልስ መንገድ ላይ ባለ ቲም ሆርተንስ በሚባል ቡና ቤት ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። እኔና ጋሼ ተክለ ማርያም በእግራችን ሄድን፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እሳቸው ግን ከእኔ ቀድመው ይራመዱ ነበር። ፍቅሩ ሲያየን ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው።

«እሺ አለች፣ ጋሼ?»

«አላለችም። እኔም እንዳትል ነግሬያታለሁ።»

ፍቅሩ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። «ጋሼ፣ ይህ ነገር ቴክኒካል ነው፤ እርስዎን ማድከም ስላልፈለግሁ ነው በዝርዝር ያልነገርኩዎት። ሁሉም ድርጅት እንዲህ ያደርጋል። እኔ እምቢ ብል ሥራውን ሌላ ይወስደዋል። ሠላሳ ሰው አለኝ፤ ሰባቱ የኛው ልጆች ናቸው። በሁለት ፊልም ምክንያት ይበተኑ?»

«ሰባቱን የኛ ልጆች አሰብክ። መድረኩ ላይ የሚቆሙትስ የማን ልጆች ናቸው?»

«የሚሆነው አደጋ እኮ እርግጠኛ አይደለም።»

«እርግጠኛ ካልሆነ ለምን ደበቅከው? ለተቆጣጣሪው አሳየውና እሱ ይወስን! ፍቅሩ፣ አረፋውን በዐይኔ አይቼዋለሁ።»

ፍቅሩም ተቆጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሽማግሌ የሚላከው ሊያስታርቅ ነው እንጂ ሊፈርድ አይደለም።»

«ልክ ነህ። ለማስታረቅ ግን ጠብ መኖር አለበት። ከልጅቷ ጋር ምንም ጠብ የለህም። የተጣላኸው ከእውነት ጋር ነው፤ እሱን ደግሞ ጉልበት በማሳም አላስታርቅህም። እስከ ሰኞ ጊዜ አለህ። ያየችውን እንዳየችው ላክ፤ የማከብርህ ወንድሜ ሆነህ ትኖራለህ። አለዚያ ከዛሬ ጀምሮ በሬን እንዳታንኳኳ።»

ፍቅሩ ጃኬቱን ይዞ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ሪፖርቱን ያለ መቅደስ ፊርማ፣ ካሜራው ተበላሽቷል በሚለው ቃል፣ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አስገባ። መቅደስም በዚያው ቀን ሁለቱን ፊልሞችና የመርከቡን መዝገብ ከሙሉ ስሟ ጋር ለዚያው መሥሪያ ቤት ላከች። ረቡዕ ዕለት ከሥራ ተባረረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጽፍ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ዘጠኝ ወር ሥራ አጥታ ቆየች፤ በኋላ ኢስት ዮርክ ባለ አትክልት መሸጫ ሣጥን ስትደረድር አይቻታለሁ። ፍቅሩን ትቶ እሷን የሚያማው ወገናችን ብዙ ነበር። «የገዛ ወገኗን ለፈረንጅ አሳልፋ ሰጠች» አሉ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰላምታ የነፈጓት ሴቶች ነበሩ። እውነት የተናገረችው አፈረች፤ የዋሸው ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ይህን ያደረግነው እኛ ነን እንጂ የነዳጅ ኩባንያ አይደለም።

በጥር ወር የማኅበራችን ጉባኤ ሲካሄድ ጋሼ ተክለ ማርያም እጃቸውን አወጡ። የዳህላኩን ታሪክ፣ የዘርይሁንን እግር፣ የራሳቸውን እጅ ጽሑፍ፣ ሁሉንም በሕዝብ ፊት ተናገሩ። «እኔ አርባ ዓመት የደበቅኩትን ይህች ልጅ አንድ ቀን አልደብቅም አለች። የምታፍሩ ከሆነ በእኔ እፈሩ» ብለው ተቀመጡ። አዳራሹ ውስጥ ማንም አላጨበጨበም። በማግስቱ ግን ሁለት ሴቶች ወደ ወይዘሮ ብርሃነሽ ቤት ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ሌላ የጥናት መርከብ ላከ። ኮራሉ በነበረበት ተገኘ፤ ጋዙም ከተባለው ቦታ ሥር ብቻ ሳይሆን ወደ ሰሜንም ተዘርግቶ ተገኘ። ያ ቦታ ለቁፋሮ ተዘጋ። ጉድጓዱ ስድስት ኪሎ ሜትር ተዛውሮ፣ በውኃ በተበጠበጠ ጭቃ፣ ቫልቮቹ በገለልተኛ ሰው ፊት ተፈትነው ተቆፈረ። ኩባንያው አልከሰረም፤ አንድ ወቅት ብቻ ዘገየ። መድረኩ ላይ የነበሩት ሠራተኞች ሁሉ በሰላም ወደየቤታቸው ገቡ፤ ዓሣ አጥማጆቹም መረባቸውን እንደ ቀድሞው ጣሉ። ከባሕር ሀብት ማውጣትና ባሕሩን መጠበቅ አብረው እንደሚሄዱ፣ የሚያጣላቸው ችኮላና ውሸት ብቻ እንደሆነ፣ በዐይናችን አየን። የፍቅሩ ድርጅት ሥራውን አጣ፤ ከሰባቱ ልጆቻችን አምስቱ ጥናቱን እንደገና በሠራው ድርጅት ተቀጠሩ። ፍቅሩ ወደ ምዕራብ ካናዳ ሄደ። መቅደስን ይቅርታ ሳይጠይቅ ነው የሄደው።

መቅደስ ዛሬ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ቁፋሮ ከመፈቀዱ በፊት የባሕር ወለል እንዴት መጠናት እንዳለበት ለሌሎች ታስተምራለች።

የሽምግልናችንም ወግ ተለወጠ። ጋሼ ተክለ ማርያም አሁን አስታርቁን የሚል ሰው በመጣ ቁጥር፣ ለዕርቅ ከመቀመጣቸው በፊት፣ የሁለተኛውን ወገን ቃል ለብቻው ይሰማሉ፤ ወረቀት ካለበት ወረቀቱን ያነባሉ። ይህን የሰሙ ሌሎች ሽማግሌዎችም ያው ልማድ ያዙ። ባለፈው መጋቢት፣ ሬክስዴል ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የምትሠራ ሳሊሃ የምትባል ወጣት ደወለችላቸው። ያልተሰጣትን የማሽን ሥልጠና ወስጃለሁ ብላ እንድትፈርም አለቃዋ አስጨንቋታል፤ አጎቷም «ፈርሚና ተገላገዪ» ብሏታል። የጋሼ ተክለ ማርያም ዕድሜ ሰባ ስምንት ነው፤ በረዶ ይጥል ነበር። ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያየሩ፣ አጎቷ ቤት ገብተው በሱና በልጅቷ መካከል ተቀመጡ። ሻይ ቀረበላቸው፤ አልጠጡም።

«መጀመሪያ» አሉ፣ «ልጅቷ ትናገር።»